የመነጽራችሁ ቁጥር ለምን ይዞራል?

ደሴ ላይ ለጡረተኞች፣ ለመምህራንና ለልብስ ሰፊዎች ካደረግኩት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንዴት ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ? የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ እየዘለቀ፣ የቤት ቡናችሁን ትታችሁ መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። አላህ ይስጥልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሥራዬ ኦፕቶሜትሪ ነው። ዓይን እለካለሁ፤ መነጽር አዝዛለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ፣ በቀላሉ ማየት የሚችል ሰው «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ መቀመጡ ነው። እርጅና መሆኑ ልክ ነው። «ምን ይደረጋል» ለሚለው ግን መልስ አለ። ዛሬ ከዚያ መልስ አንዱን ክፍል ብቻ አነሳለሁ። እሱም የኮርኒያ ቅርጽ ነው። ኮርኒያ ከዕድሜያችን ጋር ቅርጹን ይቀይራል። እሱ ሲቀየር የመነጽራችን ቁጥርም መቀየር አለበት። የድሮውን ቁጥር ይዞ መቆየት አንዳንዴ ያለ መነጽር ከመሄድ የባሰ ነው። እንዴት እንደሆነ አሳያችኋለሁ።

መስታወት ፊት ቆማችሁ ዓይናችሁን ስታዩ «ጥቁሩ» የምትሉት ክፍል አለ። ቀለሙ ያለው ከኋላ ነው። ከፊቱ ምንም ቀለም የሌለው፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ሽፋን አለ። ኮርኒያ እሱ ነው። የልጅ ልጃችሁን በመስኮት ብርሃን አቁማችሁ ዓይኑን ከጎን ብታዩት ጉብታው ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ወርዱ 12 ሚሊሜትር አይሞላም። ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የደም ሥር የለውም። ኦክስጅኑን በአብዛኛው ከአየር ይወስዳል፤ የሚደርሰውም በእንባ በኩል ነው። የሕመም ስሜቱ ደግሞ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ በጣም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቅንጣት አቧራ ስትገባ ዓለም የሚጨልምብን ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው «የዓይን ሌንስ» ሲባል ከውስጥ ያለውን ብቻ ያስባል። ሞራ የሚይዘውን ማለቴ ነው። ብርሃንን ሰብስቦ ዓይናችን ጀርባ ላይ ከሚያሳርፈው አቅም ግን ሁለት ሦስተኛው የኮርኒያ ነው። የዓይን ጠቅላላ አቅም 60 ዳዮፕተር አካባቢ ቢሆን፣ ወደ 43 የሚሆነው ከኮርኒያ ይመጣል። ዳዮፕተር ማለት መነጽር ስትገዙ «ቁጥር» የምትሉት መለኪያ ነው። መነጽር ላይ የግማሽ ቁጥር ልዩነት እንኳ ያስታውቃል። እንግዲህ 43 ቁጥር የተሸከመ ነገር ቅርጹ ትንሽ ሲዛነፍ ምን እንደሚሆን ገምቱ።

አሁን የማንኪያ ጀርባ አስቡ። በቁመቱ ብትሄዱበት ጉብታው ዘርጋ ያለ ነው። በወርዱ ብትሄዱበት ጠበብና ጎበጥ ይላል። የአብዛኛው ሰው ኮርኒያ በጥቂቱ እንደዚህ ነው። በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጎብጥም። ልዩነቱ ሲበዛ አስቲግማቲዝም እንለዋለን። ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም። በአንዱ አቅጣጫ ያለ መስመር ይጠራል፤ በሌላው አቅጣጫ ያለው ይደበዝዛል ወይም ጥላ ያበጃል።

ማንኪያውን አጋድሙት። እጀታው ወደ ጆሮ በኩል ይሁን። በወጣትነት የብዙ ሰው ኮርኒያ እንዲህ የተጋደመ ነው። ከላይ ወደ ታች ያለው ጉብታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ካለው ይበልጣል። ዕድሜ ሲገፋ ማንኪያው ቀስ እያለ ይቆማል። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ጉብታ እየበለጠ ይመጣል። ከላይ ወደ ታች ያለው ይዘረጋል።

ይህ በአንድ ጀንበር የሚሆን ነገር አይደለም። በአማካይ በየ10 ዓመቱ ሩብ ዳዮፕተር ገደማ ነው። በዓመት ብትለኩት ምንም አይመስልም። ከ30 እስከ 70 ዓመት ስትቆጥሩት ግን አንድ ሙሉ ቁጥር ይሆናል። መሃል ላይ ደግሞ ሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል የሚሆኑበት ጊዜ ይመጣል። አንዳንድ ሰው 50 ዓመቱ አካባቢ ተለክቶ «ሲሊንደር (የአስቲግማቲዝም ማስተካከያ ቁጥር) አያስፈልግህም» ሲባል ዓይኑ የዳነ ይመስለዋል። ለውጡ ግን አላበቃም፤ መንገድ ላይ ነው። በሰው ሁሉ ላይም እኩል አይመጣም። አንዱ ላይ ፈጥኖ ይታያል፤ ሌላው ላይ ጭራሽ ላይታወቅ ይችላል።

የመነጽር ወረቀታችሁ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል። ስፌር፣ ሲሊንደር፣ አክሲስ። ስፌሩ የሩቅ ወይም የቅርብ ችግራችሁን ይናገራል። ሲሊንደሩ ኮርኒያው ምን ያህል እንደተዛነፈ ይናገራል። አክሲሱ ደግሞ በየት በኩል እንደተዛነፈ በዲግሪ ያሳያል። እኛ አገር ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ በኔጌቲቭ ስለሚጻፍ፣ የወጣት ወረቀት ላይ አክሲሱ 180 አካባቢ ይበዛል። የሽማግሌ ወረቀት ላይ 90 አካባቢ ይበዛል። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻ ቁጥር ልብ ብሎ አያያትም። እኔ ግን መጀመሪያ የማያት እሷን ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ አባት ነበሩ። 70 ዓመት አልፏቸዋል። ሲንጀር መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ዛሬም ይሰፋሉ። «ልጄ፣ ክሩ ሁለት ሆኖብኛል» ብለው መጡ። መነጽራቸውን ተቀብዬ የመነጽር ቁጥር የሚያነበው መሣሪያ፣ ሌንስሜትር ላይ አስቀመጥኳት። ሲሊንደር ኔጌቲቭ 0.75፣ አክሲስ 180። መነጽሯ አዲስ ነበረች፤ ፍሬሟ ያብረቀርቃል። መቼ ተለኩ ስላቸው ሳቁ። ዓይናቸው የተለካው በወጣትነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ መነጽር በተሰበረ ቁጥር አሮጌውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ባለሱቁ የአሮጌውን ቁጥር ገልብጦ አዲስ ይሠራላቸዋል። አርባ ዓመት የሚጠጋ ቁጥር ነው የተገለበጠው።

ዓይናቸውን ለካሁ። ሲሊንደር ኔጌቲቭ 0.50፣ አክሲስ 90። ማንኪያው ቆሟል። መነጽሯ የምታስተካክለው በወጣትነታቸው የነበረውን ዝንፈት ነው። ዛሬ ያለባቸው ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተደመሩ። ያለ መነጽር ግማሽ ቁጥር ብቻ የነበረው ዝንፈት፣ መነጽር ሲያደርጉ 1.25 ይሆናል።

ለማሳየት አንድ ነገር አደረግኩ። መነጽሯን ከፊታቸው አወረድኩና ፍሬሟን በአንድ ዓይናቸው ፊት ወደ ቁም አዞርኳት። አንዱ ሌንስ ግንባራቸው ላይ፣ ሌላው ዓይናቸው ፊት። ሰሌዳውን አዩ። ቀና አሉ። «አሃ!» አሉ። ሌንሱ ያው ነው። የዞረው አቅጣጫው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አዲሱን ቁጥር ከማንበቢያው ጋር አድርገን ሠራንላቸው።

ይህን የነገርኳችሁ እኚህ አባት ብቻቸውን ስላልሆኑ ነው። ቁጥር ማስገልበጥ እዚህ ከተማ የተለመደ ነው። መነጽር ቤቱም ክፋት አስቦ አይደለም፤ ደንበኛው ራሱ «ልክ እንደዚህኛው» ስለሚል ነው። እባካችሁ መነጽር ከማስገልበጣችሁ በፊት ዓይናችሁን ተለኩ።

ለምን ይዞራል? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የዓይን ቆብ ነው። በወጣትነት የላይኛው ቆብ ጠበቅ ያለ ነው። ቀን ሙሉ ኮርኒያውን ከላይ ይጫነዋል። ያ ጫና ከላይ ወደ ታች ያለውን ጉብታ ያበዛዋል። ዕድሜ ሲጨምር ቆዳውም ጡንቻውም ይላላል። ጫናው ይቀንሳል፤ ኮርኒያውም ወደ ሌላኛው ቅርጽ ያዘነብላል። ቆብ የኮርኒያን ቅርጽ መቀየር እንደሚችል ደግሞ በሌላም መንገድ ይታያል። ቆብ ውስጥ እብጠት የወጣበት ሰው ተለክቶ፣ እብጠቱ ሲጠፋ እንደገና ቢለካ ሲሊንደሩ ይለያያል። የወረደ ቆብ በቀዶ ሕክምና የተነሳለት ሰውም እንደዚሁ።

ቆብ ብቻውን ግን ሁሉንም አያብራራም። ኮርኒያው ራሱ ከውስጥ ይለወጣል። ኮላጅን ከሚባሉ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው፤ ክሮቹ በዕድሜ እርስ በርስ እየተሳሰሩ ይጠነክራሉ። በስተኋላው ያለው የሕዋስ ንጣፍም እየሳሳ ይሄዳል። እነዚህ ሕዋሳት ኮርኒያው ውሃ አዝሎ እንዳይደበዝዝ የሚጠብቁ ናቸው። በዓመት ከግማሽ በመቶ ትንሽ በላይ ይቀንሳሉ፤ አይተኩም። ጤነኛ ሰው ለዕድሜ ልኩ የሚበቃ ይዞ ስለሚወለድ በዚህ አትጨነቁ።

የሕፃናቱን በአጭሩ ላንሳ። ሕፃን ሲወለድ ኮርኒያው ወርዱ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ጉብታው ከአዋቂ በጣም ይበልጣል። የዓይኑ ኳስ ርዝመት 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የአዋቂ 24 ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኮርኒያው በፍጥነት ይዘረጋል። ሁለት ዓመት ሲሞላው የአዋቂን መጠን ሊይዝ ይቃረባል። ብዙ ሕፃናት አስቲግማቲዝም ይዘው ይወለዳሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይቀንሳል። የማይቀንስላቸው አሉ። ከነሱ መሃል ከባዱ ያለበት ልጅ በጊዜ መነጽር ካላገኘ አእምሮው ጥርት ያለ ምስል ማየት አይለምድም። ሰነፍ ዓይን የምንለው ይመጣል። ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ሳይሞላው ከተደረሰበት ማስተካከሉ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ይከብዳል። ስለዚህ አንገቱን አጋድሞ ወይም ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ልጅ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ዓይን ማጥበብ ካልኩ አይቀር፣ አዋቂዎቹም ታደርጉታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የዓይናችሁን ጠርዝ በጣት ወደ ጆሮ ጎተት ታደርጋላችሁ። ታክሲው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ማለት ነው። ጠራ ይላል አይደል? ስትጎትቱ የኮርኒያው ቅርጽ ለጊዜው ይቀየራል፤ ብርሃን የሚገባበትም ይጠባል። እንዲህ የምታደርጉ ከሆነ ወደ ለካዮች መምጫችሁ ደርሷል።

አሁን ወደ ማንበብ ልመለስ። ብዙዎቻችሁን የሚያሳስባችሁ እሱ ነውና። ከ40 ዓመት በኋላ መጽሐፉን ማራቅ እንጀምራለን። ያ የኮርኒያ ጥፋት አይደለም። ከውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ለቅርብ ማስተካከል ሲያቅተው ነው። ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል። መፍትሔውም የማንበቢያ መነጽር ነው። ችግሩ ሁለቱ ለውጦች በአንድ ዘመን ላይ መገጣጠማቸው ነው። ሌንሱ ይደክማል፤ ኮርኒያው ይዞራል። ሰውየው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፒያሳ ላይ ከዘርጊ የማንበቢያ መነጽር ይገዛል። ፖዘቲቭ 2 ወይም 2.50። እነዚህ መነጽሮች ሁለቱም ሌንሶቻቸው እኩል ናቸው። ሲሊንደር የላቸውም። አስቲግማቲዝም ለሌለው፣ ሁለቱ ዓይኖቹም እኩል ለሆኑ ሰው በደንብ ይሠራሉ። እኔም አልቃወማቸውም፤ ከምንም ይሻላሉ። ሲሊንደር ላለበት ሰው ግን ጽሑፉን ያተልቁለታል እንጂ አያጠሩለትም። ሰውየው 2 ይገዛል፣ 2.50 ይገዛል፣ 3 ይገዛል። ራሱን ያመዋል። ከዚያ ዳዊቱን ወይም ቁርኣኑን አጥፎ ያስቀምጣል። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህን ሳይ ልቤ ይነካል። ዕድሜውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲያነብ የኖረ ሰው፣ ግማሽ ቁጥር ሲሊንደር ጎድሎበት ማንበብ ሲያቆም ያሳዝናል።

ፊደላችንን ደግሞ ተመልከቱት። ለ፣ ሰ፣ ከ፣ ሸ። ቋሚ እግር ይበዛዋል። ሉን ከሊ፣ ሱን ከሲ የምንለየው ከእግሩ ጎን ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው። ማንኪያው የቆመበት ሰው ላይ፣ በተለይ የሩቅ እይታው ሲቀንስ፣ ደብዛዛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቋሚው መስመር ነው። እግሩ ወደ ጎን ይፈስና ከጎረቤቱ እግር ጋር ይቀላቀላል። የአግድሙ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ መስኮቱን እዩ። ፍርግርጉ ላይ የቆሙትና የተጋደሙት ብረቶች እኩል ካልጠሩ ምልክት ነው። ሌላኛውንም ዓይን እንደዚሁ ሞክሩት። ሁለቱን ዓይን ከፍቶ ማየት ይሸውዳል፤ ደህናው ለደካማው ይሸፍናል።

ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ አልታወቀም። ቶማስ ያንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1801 የራሱን ዓይን መርምሮ አስቲግማቲዝም እንዳለው ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1825 ደግሞ ጆርጅ ኤሪ የተባለ ወጣት የሥነ ፈለክ ሊቅ የግራ ዓይኑ ኮከብን ነጥብ አድርጎ ሳይሆን ሰረዝ አድርጎ እንደሚያሳየው አስተዋለ። ዝንፈቱን ራሱ ለካው። ኢፕስዊች ከተማ ለነበረ መነጽር ሠሪ ነግሮ ሲሊንደር ያለው ሌንስ አሠራ። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። ለአሥርት ዓመታት ያንኑ ዓይን ደጋግሞ እየለካ ለውጡን ጻፈ። እኔ ኤሪን የምወደው ለዚህ ነው። መነጽሩ ሠራልኝ ብሎ አልተቀመጠም፤ ዓይን እንደሚለወጥ ያውቅ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1881 ዣቫል እና ሺዮትዝ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የኮርኒያን ጉብታ በቀላሉ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። የዛሬው መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው። አገጫችሁን አስደግፋችሁ ከመንገድ ጫፍ ላይ ፊኛ ወይም ቤት የምታዩበት፣ «የኮምፒውተር ምርመራ» የምትሉት ማለቴ ነው። ብዙዎቹ ብርሃን ኮርኒያው ላይ አንጸባርቀው ጉብታውንም ይለካሉ። ኮምፒውተሩ ያወጣው ቁጥር ግን መነሻ ነው። ሌንስ እየቀያየርን «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» የምንለው ጥያቄ ነው የመጨረሻውን ቁጥር የሚሰጠን። እሱን ሳትጠየቁ መነጽር ከታዘዘላችሁ ጠይቁን በሉ።

እዚህ አገር ኮርኒያውን የሚያበላሸው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1000 ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። ይጎዳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ብትሆንም ሙቀቱና አቧራው አለ። ገበሬው፣ ሹፌሩ፣ ግንበኛው ዓመታትን ፀሐይና ንፋስ ላይ ሲያሳልፍ፣ ከአፍንጫ በኩል ከነጩ ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋ መሰል ነገር ይወጣበታል። ፕተሪጂየም እንለዋለን። እያደገ ሲመጣ ኮርኒያውን በአግድም ይዘረጋዋል። ዕድሜ ወደ አንድ በኩል ሲያዞር ይህ ወደ ተቃራኒው ይጎትታል። የ60 ዓመት ሰው ለክቼ የወጣት ቅርጽ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ይህ ሥጋ መኖሩን ነው። ባርኔጣ አድርጉ። ጥቁር መነጽር ስትገዙ ከአልትራቫዮሌት የሚከላከለውን ጠይቁ፤ መጥቆሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ትራኮማ ደግሞ ክልላችንን ክፉኛ የጎዳ በሽታ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ያበጃል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ ኮርኒያውን ይፍቃል። ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይኖራሉ። የተፋቀ ኮርኒያም ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳ ያለበት ቅርጽ ደግሞ የተዛባ ስለሆነ መነጽር በሙሉ አያስተካክለውም። የታጠፈ ቆብ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ኮርኒያው ጠባሳ ሳያበጅ ነው መምጣት። ጎረቤታችሁ ወረንጦ ይዛ ካያችኋት እጇን ይዛችሁ አምጧት።

ስለ ሞራ ቀዶ ሕክምና አንድ ነገር ልናገር፤ ከዛሬው ርዕስ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሐኪሙ ሞራውን ለማውጣት ዓይኑ ላይ በር ይከፍታል። በሩ የተከፈተበት አቅጣጫ በጥቂቱ ይዘረጋል። በሩ ከላይ በኩል ከሆነ ከላይ ወደ ታች ያለው ጉብታ ይቀንሳል። በሽማግሌ ሰው ላይ እሱ ቀድሞውኑ ቀንሷል፤ ስለዚህ ማንኪያው ይብስ ይቆማል። በሩ በጆሮ በኩል ከሆነ ግን ሐኪሙ የዕድሜውን ለውጥ በመጠኑ ይመልሰዋል። ሐኪሞች በየት በኩል እንደሚከፍቱ የሚወስኑበት ብዙ ምክንያት አላቸው፤ ይህ አንዱ ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሞራው በደንብ ወጥቶ፣ ሌንሱ በደንብ ገብቶ፣ ትንሽ ብዥታ ቢቀር ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የቀረው ሲሊንደር ነው፤ መነጽር ያነሳዋል። «ተቀድጄም አላየሁም» ብሎ ጎረቤቱን የሚያስፈራ ሰው አለ። ተለክቶ ቢሆን ያይ ነበር።

አገር አቀፍ የዓይን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ተደርጎ ነበር። እይታቸው ከተዳከመ ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ችግራቸው መነጽር የሚያስተካክለው ሆኖ ተገኘ። ለዓይነ ስውርነት ደግሞ ግማሽ ያህሉን ድርሻ የያዘው ሞራ ነበር። ሁለቱም መፍትሔ ያላቸው ናቸው። ሁለቱንም የምናውቀው ተለክተን ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ቀረበልኝ። ዋና ዋናዎቹን ልጻፍ።

አንዲት እናት «መነጽር ዓይን ያሰንፋል ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉ። አያሰንፍም። መነጽር አድርገን ጥርት ያለ ነገር ስለለመድን ስናወልቅ ብዥታው ይበልጥ ይታወቀናል። ኮርኒያው መነጽር አደረግንም አላደረግንም በራሱ ጊዜ ይዞራል። ካሮትም ሆነ የዓይን ስፖርት ቅርጹን አይመልሰውም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የዓይናቸውን ጠርዝ አሳዩኝ። በጥቁሩ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት አለ። «ይህ ሞራ ነው?» አሉ። አይደለም። ኮርኒያው ጠርዝ ላይ የተጠራቀመ ስብ ነው። በአረጋዊ ሰው ላይ የተለመደ ነው፤ እይታም አይነካም። ከ40 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ ከታየ ግን የደም ስቡን ማስመርመር ይገባል።

የኮምቦልቻ አባት ስለ ልጃቸው ጠየቁ። 16 ዓመቱ ነው። ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ቀን ሙሉ ያሻል። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መነጽር ቀይሯል፤ አሁንም አላየም ይላል። ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አጥብቄ መለስኩት። በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ እየሮጠ የሚቀየር ከሆነ ኬራቶኮነስ ሊሆን ይችላል። ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት በሽታ ነው። በጉርምስና ይጀምራል፤ እስከ 30ዎቹ ሊባባስ ይችላል። ዓይን ማሸት ያባብሰዋል። ማሳከኩን ማከም የመጀመሪያው ሥራ ነው። እየሾለ መሄዱ ከተረጋገጠ በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና አለ። የሾለውን በሙሉ አይመልስም፤ ባለበት እንዲቆም ግን ያደርጋል። ስለዚህ የሚያዋጣው በጊዜ መድረስ ነው። ልጁን በዚሁ ሳምንት የዓይን ሐኪም ጋ ይውሰዱት አልኳቸው። የድሮ የመነጽር ወረቀቶቹን በሙሉ ይዘው እንዲሄዱም ነገርኳቸው፤ የለውጡን ፍጥነት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ሞራ ካስወጡ ሦስት ሳምንታቸው መሆኑን ነገሩኝ። «መነጽር አሁን ላሠራ?» አሉ። ትንሽ ይታገሡ አልኳቸው። ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ የኮርኒያው ቅርጽ ገና ይለወጣል። አሁን የተለካ ቁጥር ከወር በኋላ ላይሆን ይችላል። ስድስት ሳምንት አካባቢ ሲሞላው፣ ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ ደህና ነው ሲል፣ ያኔ ይለኩ። እስከዚያ ለማንበብ ካስፈለገ ከዘርጊው ላይ አንዷን ገዝተው ቢጠቀሙ ምንም አይሆንም።